የተዋናይት ማርሊ ማትሊን ታሪክ
የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ስንመረምር አሜሪካዊቱን ማርሊ ማትሊንን እናገኛለን። ማርሊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. በኢሊኖይ ግዛት ተወልዳ፣ በ18 ወሯ የመስማት ችሎታዋን አጣች። በ7 ዓመቷ ግን በሕፃናት ቴአትር «የኦዝ ጠንቋይ» ውስጥ የዶሮቲን ክፍል ተጫወተች። በ1986 ዓ.ም. የመጀመሪያ ፊልሟን ሠርታ፣ በሚከተለው ዓመት፣ ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለች፣ መስማት ከተሳናቸው ተዋንያን ሁሉ ቀድማ ኦስካርን ተሸለመች።

ይሁን እንጂ መስማት የተሳናቸውን ሰዎች ክፍል ብዙውን ጊዜ የሚጫወቱት የሚሰሙ ተዋንያን ነበሩ። ስለዚህ በ2021 ዓ.ም. ለታየው «ኮዳ» ፊልም የአባትዮው ክፍል ለሚሰማ ሰው ከተሰጠ አልሠራም አለች። ክፍሉ መስማት ለተሳነው ለትሮይ ኮትሰር ተሰጠ፤ እርሱም በ2022 ዓ.ም. ኦስካርን ተቀበለ። እኛም ተማሪዎች፣ ክብር ካገኙ በኋላ ለባልንጀራ መቆምን ከእርስዋ ልንማር ይገባናል።