የብሉቱዝ ቢከን መልእክት፦ ብልሽት ፍለጋ

ቢከን ማንነቱን የሚገልጽ አጭር መልእክት በብሉቱዝ ሬዲዮ ደጋግሞ የሚያሰራጭ መሣሪያ ነው፤ እንደ ኢኤስፒ32 ባለ ማይክሮኮንትሮለር ይሠራል። መልእክቱ ካልታየ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ርዝመቱ ነው። በብሉቱዝ 4 የመልእክቱ ይዘት ከ31 ባይት አያልፍም፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2013 ያስተዋወቀው አይቢከን የተባለ የመልእክት ቅርጸት 30ውን ስለሚወስድ ለመሣሪያው ስም ቦታ አይተርፍም። ስሙ ወደ ስካን ምላሽ፣ ማለትም ስካነር ሲጠይቅ ቢከኑ ወደሚልከው ተጨማሪ መልእክት፣ ይዛወራል። በመልእክቱ ውስጥ እያንዳንዱ መስክ በርዝመት ባይት ይጀምራል፤ ቁጥሩ ራሱን አይቆጥርም፣ የዓይነት ባይቱን ግን ይቆጥራል። እዚህ በአንድ መሳሳት ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ያበላሻል። በአይቢከን መልእክት ውስጥ ያለው የአፕል የኩባንያ መለያ ቁጥር 76 በሁለት ባይት ሲጻፍ ዝቅተኛው ባይት ይቀድማል፦ 76፣ ከዚያ 0።

ከሁሉ በላይ የሚያደክመው ግን ኮዱ ትክክል ሆኖ ሳለ የሚፈለግ ስሕተት ነው፦ የአይፎን ተራ ስካነሮች አይቢከንን አያሳዩም። ስለዚህ ፍተሻው ጥሬ ባይቶችን በሚያሳይ የአንድሮይድ ስካነር ቢጀመር ይሻላል።