የጎልፍ ዱላን በነጠላ መምረጥና መግዛት

በገና ጨዋታ ተጫዋቹ ጫፏ ቆልመም ያለ አንዲት ዱላ ይዞ ሜዳ ይገባል። በጎልፍ ግን ኳሷ የምትጓዘው ርቀትና የምታርፍበት መሬት ስለሚለያይ፣ ተጫዋቹ ለየተግባሩ የተሠሩ በርካታ ዱላዎችን ይይዛል። ብዛታቸው ገደብ አለው። የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር እ.አ.አ በ1938 በአንድ ዙር ከ14 ዱላ በላይ መያዝን ከለከለ፤ በስኮትላንድ የሚገኘው የሴንት አንድሩስ ክለብም በ1939 ተከተለው። ይሁን እንጂ 14 ጣሪያ እንጂ ግዴታ አይደለም። ጀማሪ ሙሉ ስብስብ በአንድ ጊዜ ከመግዛት ይልቅ የጎደለውን እያየ አንድ በአንድ ቢያሟላ ገንዘቡን ያተርፋል።

የዱላ ዓይነቶች

ድራይቨር ረጅሙ ዱላ ሲሆን፣ ከመነሻው ኳስን አርቆ ለመምታት ያገለግላል። የራሱ መጠን በደንቡ ከ460 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ መብለጥ የለበትም። አይረን የተባሉት ቁጥር ያላቸው የብረት ዱላዎች ለመካከለኛ ርቀት ይውላሉ። ዌጅ ኳስን ከፍ አድርጎ በቅርብ ያሳርፋል፤ ከአሸዋም ያወጣል። ፑተር ደግሞ ኳስን በለስላሳው ሣር ላይ እያንከባለለ ወደ ጉድጓዱ ያስገባል።

ከቁጥሩ ይልቅ ዲግሪው

በነጠላ የሚገዛ ሰው በቅድሚያ ሊያውቀው የሚገባው የዱላው ፊት ምን ያህል ወደ ኋላ እንደተጋደመ ነው። ዝንባሌው በጨመረ ቁጥር ኳሷ ከፍ ትላለች፣ ርቀቷም ያጥራል። ቁጥር ብቻውን ያሳስታል፤ የአንዱ አምራች 7 ቁጥር 34 ዲግሪ ሲሆን፣ የሌላው ከ30 በታች ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አዲሱ ዱላ ከነባሮቹ ጋር በዲግሪ መነጻጸር አለበት። ለምሳሌ አንድ ተጫዋች 44 እና 56 ዲግሪ ያላቸው ሁለት ዌጆች ቢኖሩት፣ በመካከላቸው የ12 ዲግሪ ክፍተት አለ። የሚያስፈልገው 50 ዲግሪ ገደማ የሆነ አንድ ዌጅ እንጂ ሌላ ድራይቨር አይደለም።

ከሰውነት ጋር መስማማቱ

የብረት ዘንግ ይከብዳል፤ ከካርቦን ጭረት የተሠራው ግራፋይት ይቀላል። በዝግታ ለሚወዘውዝ ተጫዋች ቀላልና ተለማጭ ዘንግ፣ በፍጥነት ለሚመታ ደግሞ ጠንከር ያለው ይመረጣል። የዱላው ርዝመትም ከተጫዋቹ ቁመትና ከእጁ ርዝመት ጋር መመጣጠን ይኖርበታል። ግራኝ ተጫዋች ለግራኝ የተሠራውን መጠየቅ አለበት። ከተቻለ ከግዢ በፊት ኳስ መትቶ መሞከር ይበጃል።

ያገለገለ ዱላ ሲገዛ

ያገለገለ ዱላ ዋጋው ዝቅ ያለ በመሆኑ ለጀማሪ ይመከራል። ሆኖም ገዢው አራት ነገሮችን ይመርምር፦ በዱላው ፊት ላይ ያሉት ቦዮች አለመፋቃቸውን፣ ዘንጉ አለመጣመሙንና አለመሰንጠቁን፣ ራሱና ዘንጉ የተጋጠሙበት ቦታ አለመላላቱን፣ እንዲሁም የመያዣውን ጎማ። ያረጀ ጎማ በቀላሉ ይቀየራል፤ የተሰነጠቀ ዘንግ ግን በጨዋታ መካከል ተሰብሮ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ታዋቂ ስም ያለው አዲስ ዱላ ከወትሮው እጅግ በረከሰ ዋጋ ከቀረበ አስመስሎ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል፣ ደረሰኝ ከሚሰጥና ዕቃ ከሚመልስ ሻጭ መግዛት ይገባል።