ምስል ቤት ሲያጣ

አዲስ አበባ የመጀመሪያውን የፊልም ማሳያዋን «ሰይጣን ቤት» ብላ ጠራችው። ይህ ስም በተነሣ ቁጥር «ያኔ እኮ ሕዝቡ ምን ያውቃል!» ብሎ መሳቅ የተለመደ ነው። እኔን ግን ከሰይጣኑ ይልቅ ቤቱ ይገርመኛል። የሰይጣን ሥዕል ወይም የሰይጣን ጥላ ማለት ይቻል ነበር። ሕዝቡ ግን ቤት አለ። ከዚያም ወዲህ ቋንቋችን ከዚሁ መንገድ አልወጣም። ሲኒማ ቤት አልን፤ ቪዲዮ ቤት አልን፤ ዛሬም ጎረምሳው የእንግሊዝን ጨዋታ የሚያይበትን ቦታ ዲኤስቲቪ ቤት ይለዋል። አማርኛ ለሚንቀሳቀስ ምስል ስም ሲያወጣ መጀመሪያ ማደሪያውን ይጠይቃል ማለት ነው።

ነገሩን ከመነሻው እንየው። የሉሚዬር ወንድማማቾች ፓሪስ ውስጥ ገንዘብ ከፍሎ ለገባ ተመልካች ፊልም ያሳዩት በታኅሣሥ 1888 ዓ.ም. ነው። ከሁለት ወር በኋላ፣ በዚያው ዓመት የካቲት 23፣ አድዋ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ አዲሱ ጉድ ከምኒልክ ቤተ መንግሥት ደረሰ። ቤተ መንግሥቱ ተቀበለው፤ ሕዝቡ ተጠራጠረው። ጥርጣሬው ደግሞ መሠረት የሌለው አልነበረም። የኛ ሰው ሥዕልን የሚያውቀው ቦታ ይዞ ተቀምጦ ነው። ሥዕሉ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አለ፤ ጫማህን አውልቀህ አንተ ወደ እሱ ትሄዳለህ፤ መጋረጃው ሲገለጥ ታያለህ፣ ሲዘጋ ትመለሳለህ። አሁን የመጣው ግን ይስቃል፣ ይሮጣል፣ መብራቱ ሲጠፋ የለም። አካል ሳይኖረው የሚንቀሳቀስ ነገር ምን ተብሎ ይጠራ ኖሯል?

የሚገርመው፣ ይህንኑ ጥያቄ ከብዙ ዓመታት በኋላ የዓለም ቀራፂዎችና የቪዲዮ ሠሪዎችም አነሡት። ምስል አካል ይኑረው አሉ። ኢንስታሌሽን የሚሉት የጥበብ ዓይነት ከዚህ ጋር ይገናኛል። ቅርጹ፣ ክፍሉ፣ ብርሃኑ፣ ድምፁ፣ ገብቶ የሚቆመው ተመልካች ጭምር ተደምረው አንድ ሥራ ይሆናሉ። ኮሪያዊው ናም ጁን ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1974 አንድ የቡድሃ ሐውልት ከቴሌቪዥን ፊት አስቀመጠ፤ በካሜራ እየተቀረጸ በቴሌቪዥኑ የሚታየው ራሱ ሐውልቱ ነው። ቡድሃው ራሱን ሲያይ ይኖራል። ፖላንዳዊው ክሺሽቶፍ ቮዲችኮ ደግሞ የአደባባይ ሕንፃዎችን መረጠ። እ.ኤ.አ. በ1985 ለንደን ውስጥ፣ በአፓርታይድ ዘመን በነበረው የደቡብ አፍሪካ ኤምባሲ ግንባር ላይ የናዚዎችን ምልክት በብርሃን አሳረፈበት። ብርሃኑ ድንጋዩን አልነካውም፤ ግን ሕንፃው የደበቀውን አናገረው።

ከኛ ወገን በዚህ መስክ ቀድሞ የሚጠራው ቴዎ እሸቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ለንደን ተወለደ፤ ልጅነቱ በከፊል አዲስ አበባ አለፈ፤ ሮም ብዙ ዘመን ሠርቶ ኋላ በርሊን ኖረ። እናቱን አባቱን ባናውቅም አያቱን እናውቃቸዋለን። በትምህርት ቤት የታሪክ መጻሕፍታቸውን እያነበብን ያደግንባቸው ተክለ ጻድቅ መኩሪያ ናቸው። የልጅ ልጃቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ስለ እሳቸው ፊልም ሠርቷል። አያት «የኢትዮጵያ ታሪክ፦ ኑብያ፣ አክሱም፣ ዛጉዌ» ብለው ጻፉ፤ የልጅ ልጅ የአክሱምን ነገር በመብራትና በመስታወት ሳጥን ተረከው።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። 24 ሜትር የሚረዝመው ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1937 በፋሺስት ጦር ተወስዶ ሮም ተተከለ። የ1947ቱ የሰላም ውል ይመለስ አለ፤ ሮም ግን ጆሮዋን ደፈነች። በ2002 መብረቅ መታው። በመጨረሻ ሦስት ቦታ ተቆራርጦ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በግዙፍ አውሮፕላን አክሱም ገባ፤ ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ቆሞ ተመረቀ። ቴዎ ይህን የመመለስ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2009 ባለ 15 ስክሪን ሥራ አደረገው። አደራደሩን የወሰደው ከሩቅ አይደለም። የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ታሪክ በተርታ ክፍሎች የሚተረክበት፣ በየስጦታ ዕቃ ሱቁ የተሰቀለው ሥዕላችን አለ አይደል? ያንን ነው በቴሌቪዥን የደረደረው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። አሥራ አምስቱን ስክሪን በአንድ ዓይን ማየት አይቻልም። አንዱን ስታይ ሌላው ያመልጥሃል፤ ወደ ኋላ ፈቀቅ ስትል ሁሉም ይታያል፣ ዝርዝሩ ግን ይጠፋል። ታሪካችንን የምናይበት መንገድ ይኸው አይደል? አንዱ የራሱን ክፍል ይዞ «ታሪኩ ይኼ ነው» ይላል፤ ጎረቤቱ ከሌላው ክፍል ፊት ቆሟል። አንድ ስክሪን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሊነግረን አይችልም ነበር። የተናገረው የሳጥኖቹ አደራደር፣ ማለትም ቅርጹ ነው።

በአገር ቤትም የቅርጹን ወገን የያዙ አሉ። ኤልያስ ስሜ መርካቶ የተጣለ የኮምፒዩተር ሆድ ዕቃና የኤሌክትሪክ ሽቦ እየሰበሰበ፣ እያጠላለፈ፣ ግድግዳ የሚሞላ ሥራ ይሠራል። ምስል ሲያመላልስ የኖረ ማሽን ከሞተ በኋላ እንደ ጥለት ይዘረጋል። መቼም ጥለት ከተነሣ ጋሞን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም።

እንግዲህ ወደ ሲቀላ እንውረድ። ሴቻ ላይ፣ ሲቀላ ታች፤ አርባ ምንጭ ማለት ሁለቱ ናቸው። ከጨንቻና ከዶርዜ ደጋ የሚወርደው ሰው ገበያው ሲቀላ ነው። የዶርዜ ሰው ሸማ ብቻ ሳይሆን ቤቱንም ይሸምናል። ከቀርከሃ ይጠለፋል፤ አዲስ ሲሠራ እስከ 12 ሜትር ይቆማል፤ ፊቱ ዝሆን ይመስላል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው በየዓመቱ እያጠረ ይሄዳል፤ ሲያስፈልግም በሰው ትከሻ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ይተከላል። ሌላው ዓለም በሙዚየም የሚፈልገው፣ ሰው የሚገባበት፣ ከዕድሜ ጋር የሚለወጥ፣ የሚነሣና የሚተከል ቅርጽ እዚህ ከብት ያድርበታል፣ ቡላ ይበላበታል። ብርሃን የሚያርፍበት ነጭ ሸማም እዚያው ቤት ይሸመናል።

ታዲያ ምስሉስ? እንደ ሲቀላ ባሉ ከተሞች በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. ቪዲዮ ቤት ነበር። በሩ ላይ በጠመኔ የፊልም ስም ተጽፎ፣ ውስጡ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ብዙ ላብ። ወላጅ አይወደውም ነበር፤ ያም ቢሆን የሚያስቀው አብሮ ያስቃል፣ የሚያስለቅሰው አብሮ ያስለቅሳል። አሁን ምስል በየኪሱ ገብቷል። ስልክ ላይ የሚታየው ምስል ቤት የለውም፤ የት እንደ ተቀረጸ፣ ማን እንደ ቀረጸው፣ አጠገብህ ያለው ሰው ምን እንዳየ አታውቅም። ዲኤስቲቪ ቤቱ ለኳስ ብቻ ቀርቷል።

ይህ የጥበብ ቅንጦት ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ ጋሞዎች ተገድለው፣ ተፈናቅለው ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ ተቆጥቶ ለበቀል ተነሣ። ከሩቅ የመጣውን ወሬ ያቆመው ሌላ ወሬ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሳር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ሳር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌን አልፎ መሄድ በጋሞ ነውር ነው፤ ወጣቱም ተመለሰ። ጋሞ ለነገር ቦታ አለው፤ ዱቡሻ ይባላል። ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ የሚናገርበት፣ ሁሉም የሚሰማበት አደባባይ ነው። ወሬ እዚያ ሲደርስ ባለቤት ያገኛል፤ ተናጋሪው ይጠየቃል።

ዱቡሻ ላይ ፕሮጀክተር ይተከል አላልኩም፤ ሽማግሌዎቹ ይታዘቡኛል። የምለው ግን ይህን ነው። ቪዲዮን ከቅርጽ ጋር የሚያጋቡ ሠሪዎች የሚሠሩት ከዱቡሻው ሥራ ሩቅ አይደለም። በየኪሱ የተበተነውን ምስል አውጥተው አካል ይሰጡታል፣ ቦታ ያስይዙታል፣ ሰውም በዙሪያው ቆሞ ምስሉን ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ያለውን ሰው ፊት እንዲያይ ያደርጋሉ። ከዚያ በኋላ «ይኼ እውነት ነው? ማን አለ?» ብሎ መጠየቅ ይቀላል።

ለዚህ ደግሞ ካሰል ወይም በርሊን መሄድ አያስፈልግም። ቀርከሃው ዶርዜ አለ፤ ሸማው አለ፤ ፕሮጀክተሩ በየስብሰባ አዳራሹ ሲንጠለጠል ይውላል፤ ወጣቱ ካሜራውን ኪሱ ይዞ ይዞራል። አንድ ማታ ሲቀላ ላይ ከቀርከሃ ተጠልፎ በሸማ የተሸፈነ ቤት ቢቆም፣ የሸማኔ አባቶች እጅ በራሳቸው ሸማ ላይ ሲሠራ ቢታይ፣ እነዚያ የተንበረከኩ ሽማግሌዎችም ገና ላልተወለዱት ቢቀርቡ፣ ስሙን ሰይጣን ቤት የሚለው ያለ አይመስለኝም። ብቻ ያን ዕለት መብራት እንዳይጠፋ ነው።