ስሕተትን አስቀድሞ ማሰብ፦ የኮምፕዩተር ፕሮግራም ጉድለትና የፍተሻው ታሪክ

«ሰው ሆኖ የማይስት፣ እንጨት ሆኖ የማይጤስ የለም» ይላል የአገራችን ሰው። ይህ አባባል ለዘመናት ሲነገር የኖረው ጥፋተኛውን ለማጽናናትና የተቈጣውን ለማብረድ ነው። ለመሐንዲስ ግን ከማጽናኛነት ያለፈ ትርጕም አለው። ድልድይ የሚሠራ ሰው ስሌቱ ከሚጠይቀው በላይ ብረት የሚጨምረው፣ የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋ ሰው ፊውዝ የሚያስገባው፣ ግድብ የሚገድብ ሰው ትርፉ ውሃ የሚወጣበትን ማስተንፈሻ የሚያበጀው፣ ሥራው ወይም ዕቃው አንድ ቀን ሊስት እንደሚችል አስቀድሞ በማሰብ ነው።

የኮምፕዩተር ፕሮግራም ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ጠባይ አለው። አይዝግም፤ አይሰነጠቅም፤ በአገልግሎት ብዛት አያልቅም። የታዘዘውን ብቻ፣ እንደ ታዘዘው ይፈጽማል። ስለዚህም በፕሮግራም ላይ የሚገኝ ጉድለት በሥራ ላይ የተፈጠረ ሳይሆን ሰው ሲነድፈው ወይም ሲጽፈው አብሮ ያስገባው፣ የሚገለጥበትን ሁኔታ ሲጠብቅ የኖረ ነው። እንግዲህ ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማየት ይገባል፤ በመጀመሪያ የሰው ስሕተት፣ ቀጥሎ ስሕተቱ በፕሮግራሙ ውስጥ ጥሎት የሚያልፈው ጉድለት፣ በመጨረሻም ጉድለቱ በተግባር ሲገለጥ የሚደርሰው አደጋ። የሙያው ታሪክ በአመዛኙ፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው የሚያሻግረውን መንገድ ለመዝጋት የተደረገ ትግል ታሪክ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከዚያ ታሪክ አራት ምዕራፎችን መርጦ በማቅረብ፣ «ፕሮግራሙ ይሠራልን?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን እንደማይበቃ ማሳየት ነው። ከዚያ የሚከብደው ጥያቄ «የተነገረው ነገር ሐሰት ቢሆን ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው። ከመጨረሻው ምዕራፍ በቀር የዘመኑ ቁጥር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

የጨረቃው ጉዞ

የአፖሎን መንኰራኵር ይመራ የነበረው ኮምፕዩተር ዛሬ በኪስ ከሚያዘው ስልክ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ደካማ ነበር። ቋሚው የትውስታ ክፍሉ 36,864 ቃላት፣ እየተጻፈ የሚደመሰሰው ደግሞ 2,048 ቃላት ብቻ ይይዝ ነበር። ፕሮግራሙ የተዘጋጀው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ቤተ ሙከራ ሲሆን፣ የበረራ ፕሮግራሙን ክፍል የመሩት ማርጋሬት ሐሚልተን ነበሩ። ቋሚውን ክፍል ሴቶች ሠራተኞች ቀጭን የመዳብ ሽቦ በጥቃቅን የማግኔት ቀለበቶች ውስጥና ውጭ እያሳለፉ፣ ሸማኔ ጥለት እንደሚያወጣ በእጃቸው ይሸምኑት ነበር። ሽቦው በቀለበቱ ውስጥ ካለፈ አንድ፣ በውጭ ካለፈ ዜሮ ማለት ነው። ከተሸመነ በኋላ ማረም እጅግ አስቸጋሪ ስለ ነበረ፣ ፕሮግራሙ ወደ ፋብሪካ ከመላኩ በፊት በብርቱ ይፈተሽ ነበር።

ይሁን እንጂ ነዳፊዎቹ በፍተሻ ብቻ አልተማመኑም። ሃል ላኒንግ የነደፉት የሥራ አከፋፋይ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ሥራ የቅድሚያ ደረጃ ይሰጥ ነበር። ኮምፕዩተሩ ከዐቅሙ በላይ ሥራ ቢጫንበት ራሱን ወዲያው እንደ ገና ያስነሣል፤ ለሕይወት የሚያስፈልጉትን ሥራዎች ካቆሙበት ያስቀጥላል፤ የቀሩትን ይተዋል፤ ያደረገውንም በማስጠንቀቂያ ቁጥር ለሰው ይገልጻል።

ጁላይ 20 ቀን 1969 ኒል አርምስትሮንግና በዝ ኦልድሪን ወደ ጨረቃ ገጽ ሲወርዱ ይኸው ሆነ። 1202 የተባለው ማስጠንቀቂያ በራ፤ ደጋግሞም ታየ፤ በመካከሉም 1201 ተከተለ። መነሻው ለማረፍ የማያስፈልግ አንድ ራዳር ትርጕም የሌላቸውን ምልክቶች እያጐረፈ የኮምፕዩተሩን ጊዜ ይሻማ መሆኑ ነበር። ይህን ልዩ ሁኔታ አስቀድሞ የገመተው አልነበረም። ነገር ግን «አንድ ቀን፣ በማናውቀው ምክንያት፣ ከዐቅም በላይ ይጫናል» የሚለው ታስቦበት ስለ ነበረ መሣሪያው መምራቱን አላቋረጠም።

ለፍተሻ ታሪክ ከዚህ የማያንስ ቁም ነገር የተፈጸመው ግን ከጉዞው ጥቂት ቀናት በፊት በሂዩስተን ነው። በልምምድ ላይ አሠልጣኞቹ ሆን ብለው እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ቢያስገቡ፣ የመቈጣጠሪያው ባለሙያዎች ትርጕሙን ባለማወቃቸው ማረፉ እንዲቋረጥ ወሰኑ፤ ውሳኔያቸውም የተሳሳተ ነበር። የበረራው ዲሬክተር ጂን ክራንዝ ለእያንዳንዱ የማስጠንቀቂያ ቁጥር መደረግ የሚገባው እንዲጠና አዘዙ፤ ወጣቱ ባለሙያ ጃክ ጋርማንም ዝርዝሩን በእጁ ጽፎ ያዘ። በእውነተኛው ቀን መልሱ በሴኰንዶች ውስጥ ሊሰጥ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። የተፈተሸው መሣሪያው ብቻ ሳይሆን ሰዉም ጭምር ነበረ ማለት ነው።

ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በኦክቶበር 1968፣ በጀርመን አገር በጋርሚሽ በተደረገ ጉባኤ ባለሙያዎች ፕሮግራም መጻፍ እንደ ሌላው ምሕንድስና ሥርዓት ያስፈልገዋል ብለው ተወያይተው ነበር። «የሶፍትዌር ምሕንድስና» የሚለውም ስም በሰፊው የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። ሆላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ በዚያው ዘመን ያሳሰቡት ነገር ደግሞ እስከ ዛሬ አልተሻረም። ይኸውም ፍተሻ ጉድለት መኖሩን ሊያሳይ ይችላል እንጂ፣ ጉድለት አለመኖሩን ሊያረጋግጥ አይችልም የሚል ነው።

የሕክምናው መሣሪያ

ቴራክ 25 የተባለው በካናዳ የተሠራ የካንሰር ማከሚያ የጨረር መሣሪያ ነበር። ከእርሱ በፊት የነበሩት ሞዴሎች፣ ጨረሩ ከልክ እንዳያልፍ የሚያግዱ ከፕሮግራሙ ውጭ የቆሙ የኤሌክትሪክና የሜካኒክ መከላከያዎች ነበሯቸው። በአዲሱ ሞዴል ግን «ፕሮግራሙ ይጠብቀዋል» በሚል እምነት ብዙዎቹ ቀሩ። ከጁን 1985 እስከ ጃኑዋሪ 1987 ባለው ጊዜ ውስጥ በአሜሪካና በካናዳ ስድስት ሕሙማን ከልክ ያለፈ ጨረር ደረሰባቸው፤ አንዳንዶቹም የደረሰባቸው ከታዘዘላቸው መጠን በመቶ እጥፍ የሚገመት ነበር። ከእነርሱ ቢያንስ ሦስቱ በዚሁ ሞቱ።

ከጉድለቶቹ አንዱ የሚገለጠው፣ የመሣሪያው ሠራተኛ የተሳሳተ ትእዛዝ ጽፋ በስምንት ሴኰንድ ውስጥ ካረመችው ብቻ ነበር። እጇ በሥራው እየፈጠነ በሄደ ቍጥር አደጋው ይቀርባል። መሣሪያው የሚያሳየው «ብልሽት 54» የሚል ቍጥር ብቻ ሲሆን፣ ትርጕሙ ለሠራተኞቹ አልተብራራም። አምራቹም በመጀመሪያ ከልክ በላይ ጨረር መስጠት ፈጽሞ አይቻልም የሚል መልስ ይሰጥ ነበር። ምስጢሩ የተገኘው፣ በቴክሳስ በሚገኝ ሆስፒታል አንድ የፊዚክስ ባለሙያና መሣሪያውን የምታሠራው ሠራተኛ የአደጋውን ቀን አጻጻፍ ደጋግመው በመሞከር ብልሽቱን እንደ ገና እንዲታይ ባደረጉ ጊዜ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በኋላ የታወቀው ነው። ይኸው ጉድለት በቀድሞው ሞዴል ውስጥም ነበረ፤ ነገር ግን እዚያ ፊውዙ እየተቃጠለ ጨረሩን ያቋርጠው ስለ ነበረ ማንም አልተጐዳም፤ ማንም አላወቀምም። ከአደጋ የጠበቀው አጥሩ ሳለ፣ ለብዙ ዓመታት ያለ አደጋ መሥራቱ የፕሮግራሙ ደኅንነት ማስረጃ ተደርጎ ተቈጠረ።

ሮኬቱ

በአገራችን የሽምግልና ዳኝነት በአንድ ሰው ቃል ብቻ ነገር አይጸናም፤ ሁለተኛ ምስክር ይፈለጋል። መሐንዲሶችም ይህን ሥርዓት ያውቁታል፤ ዋናውን መሣሪያ የሚተካ ሁለተኛ መሣሪያ ጐን ለጐን ያቆማሉ። ነገር ግን ሁለቱ ምስክሮች የሚናገሩት ከአንድ ሰው የሰሙትን ከሆነ፣ ሁለት መሆናቸው ምን ይጠቅማል?

ጁን 4 ቀን 1996 የአውሮፓ አገሮች ሮኬት አሪያን 5 ከደቡብ አሜሪካ፣ ከኩሩ ጣቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲተኰስ፣ አርባ ሴኰንድ ሳይሞላው በአየር ላይ ፈነዳ። የጫናቸው አራት የምርምር ሳተላይቶችም አብረው ጠፉ። ሮኬቱ አቅጣጫውን የሚለኩ ሁለት ኮምፕዩተሮች ነበሩት። የሁለቱም ፕሮግራም አንድ ዓይነት ሲሆን የተወሰደው ከአሪያን 4 ነው። አዲሱ ሮኬት ከቀድሞው ይልቅ በፍጥነት ወደ ጐን ስለሚጓዝ፣ አንድ ልኬት አደገና ከ32,767 በላይ መያዝ ወደማይችል ስፍራ ሊገባ አልቻለም። መጠባበቂያው ኮምፕዩተር በመጀመሪያ ቆመ፤ ዋናውም ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ በዚያው ምክንያት ተከተለው። ሲቆምም የላከውን የብልሽት መግለጫ የሮኬቱ መሪ ኮምፕዩተር እንደ እውነተኛ የበረራ ልኬት ተቀበለና ሞተሮቹን አለ አግባብ አዞረ። ያ ስሌት ደግሞ ሮኬቱ ከተነሣ በኋላ ለምንም የማያስፈልግ ነበር።

በዣክ ሉዊ ሊዮንስ ሰብሳቢነት የተቋቋመው መርማሪ ቡድን በሚቀጥለው ወር ባቀረበው ዘገባ ሁለት ነገሮችን አስረዳ። መጀመሪያ፣ መለኪያው ኮምፕዩተር በአሪያን 5 እውነተኛ የጉዞ መስመር አልተፈተሸም፤ በአሪያን 4 የሠራ ነውና ይበቃል ተብሎ ነበር። ሁለተኛ፣ ጥበቃው ሁሉ የታሰበው ዕቃ በድንገት ቢበላሽ ተብሎ እንጂ፣ ፕሮግራሙ ራሱ ቢሳሳት ተብሎ አልነበረም። ቡድኑ አሳቡ እንዲገለበጥ መከረ፤ ፕሮግራም ትክክለኛነቱ በታወቀ ዘዴ እስኪረጋገጥ ድረስ ጉድለት እንዳለው ይቈጠር አለ።

ከቦሌ የተነሣው አውሮፕላን

ይህ ምክር ከተሰጠ ሃያ ሦስት ዓመት በኋላ፣ ነገሩ ከራሳችን ደጃፍ ደረሰ። እሑድ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቍጥር 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። ከስድስት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች በሙሉ አለቁ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። ከአምስት ወር ያህል በፊት፣ በኢንዶኔዥያ፣ ይኸው ዓይነት አውሮፕላን ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር።

በማክስ ላይ የተገጠሙት ሞተሮች ከቀድሞዎቹ ስለሚገዝፉና ወደ ፊት ስለ ወጡ፣ በአንዳንድ ሁኔታ አፍንጫው ከመጠን በላይ ወደ ላይ ያዘነብላል። ይህን ለማስተካከል ኤምካስ የተባለ ፕሮግራም ገባ፤ የኋላውን አግዳሚ ክንፍ በራሱ እያዞረ አፍንጫውን ወደ ታች ይጫናል። ክንፉ አየሩን የሚገጥምበትን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት መሣሪያዎች፣ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ፣ በአውሮፕላኑ ላይ ነበሩ። ኤምካስ ግን በአንድ በረራ የሚያዳምጠው አንዱን ብቻ ነበር። ጥንት ሲታሰብ በአንድ ጊዜ የሚያዞረው 0.6 ዲግሪ ሲሆን በኋላ ወደ 2.5 ዲግሪ ከፍ አለ። ሥልጣኑ አደገ፤ ምስክሩ ግን አንድ እንደ ሆነ ቀረ።

በዚያች ጠዋት የግራው መለኪያ 74.5 ዲግሪ ሲል፣ የቀኙ ከ15.3 ዲግሪ አልበለጠም ነበር። ማንም ተሳፋሪ በመስኮት ቢመለከት የግራው ሐሰት መሆኑን ይረዳ ነበር፤ ፕሮግራሙ ግን ቀኙን እንዲጠይቅ አልታዘዘም። የታዘዘውን ፈጸመ፤ ደግሞም ደጋገመው። አብራሪዎቹ የኤሌክትሪኩን ማዞሪያ ዘግተው ክንፉን በእጅ ለማቅናት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 እንደ ገለጸው፣ አምራቹ ኤምካስ ያለ ቦታው ቢነሣ የሚሆነውን በምስለ በረራ መሣሪያ ፈትሾ ነበር። ነገር ግን የተሳሳተ መለኪያ የሚያስከትላቸው ሌሎች ማስጠንቀቂያዎች ሁሉ በአንድነት በአብራሪው ላይ ሲወርዱ የሚሆነው አልተፈተሸም። በሂዩስተን ከሃምሳ ዓመት በፊት የተደረገው ልምምድ እዚህ አልተደረገም ማለት ነው። የመጣው እርማትም ቀላል ነው። ፕሮግራሙ አሁን ሁለቱን መለኪያዎች ያነጻጽራል፤ ከ5.5 ዲግሪ በላይ ቢለያዩ ሥራውን ይተዋል፤ ለአንድ ምክንያት ከአንድ ጊዜ በላይ አይጫንም፤ አብራሪው ሊቋቋመው ከሚችለው ኀይልም አያልፍም። ይህ ሁሉ አስቀድሞ ሊጻፍ ይቻል ነበር።

ከአራቱ ታሪክ የምንረዳው

በአራቱም ጊዜ ፕሮግራሙ የታዘዘውን ፈጽሟል። ልዩነቱ ነዳፊዎቹ አስቀድመው በጠየቁት ጥያቄ ላይ ነው። የአፖሎ ሰዎች «ካልሆነስ?» ብለው ጠየቁና ለማያውቁት ነገር ጭምር ስፍራ ተዉ። የሌሎቹ ሦስቱ ትምክሕት ባለፈው ላይ ነበር፤ በቀድሞው ሞዴል አላጠፋም፣ በቀድሞው ሮኬት ሠርቷል፣ አብራሪው እንደ ሁልጊዜው ያርመዋል አሉ።

ዛሬ በአገራችንም የባንክ ሒሳብ፣ የሕክምና መሣሪያና የአየር ጉዞ በፕሮግራም ይመራል። ብዙው የሚመጣው ተሠርቶ ከውጭ ነው። ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቻችን ኮንትራት ሲመረምሩም ሆነ መሣሪያ ሲረከቡ፣ አቅራቢው በደኅናው ቀን የሚያሳየውን ትርኢት ብቻ ተመልክተው አይፈርሙ። መለኪያው ሐሰት ቢናገር፣ መስመሩ ቢቋረጥ፣ ሠራተኛው እጁ ቢፈጥን ምን ይሆናል ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም በቃል ሳይሆን በዓይናቸው ፊት ተፈትኖ ይዩት። የሚታየውን ማስጠንቀቂያ የሚያነብበው ሰው ትርጕሙን ያውቅ እንደ ሆነም ይመርምሩ።

ሰው ሆኖ የማይስት የለም የሚለው አባባል፣ አደጋ ከደረሰ በኋላ ሲነገር ምሕረት መለመኛ ነው። አደጋው ሳይደርስ፣ በንድፍ ጠረጴዛ ላይ ሲነገር ግን የሙያችን የመጀመሪያ ደንብ ነው። በቢሾፍቱ አቅራቢያ ያለቁት 157 ሰዎች ይህ ደንብ በሰዓቱ እንዲጠበቅላቸው ይገባ ነበር።