ለኤአይ ኤጀንት "ጠዋት 2 ሰዓት" ስንት ሰዓት ነው? 🤖⏰

ነገ ጠዋት 2 ሰዓት እናታችሁን ከማክሰኝት ጎንደር ለሕክምና ልትወስዱ ነው እንበል። ስልካችሁ ላይ ላለው የኤአይ ኤጀንት "ለነገ ጠዋት 2 ሰዓት መኪና ያዝልኝ" አላችሁት። "ተይዟል" አለ። ከዛ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሾፌሩ ይደውላል፦ "ደጅ ነኝ፣ ውጡ!" ጠዋት ሲሆን ግን መኪና የለም፣ ቀጠሮውም አለፈ።

ምን ተፈጠረ? ኤጀንቱ ሰዓቱን 02:00 ብሎ ሞላው። በኛ አቆጣጠር ይሄ የሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው አፑን የሠራው ሰው በቱሉ መግለጫ ላይ "ሰዓት አስገባ" ብቻ ብሎ ስለሚያልፍ ነው።

🔹 ቱል ምንድን ነው?

ኤጀንት ማለት መልስ ከመስጠት አልፎ ሥራ የሚሠራ ኤአይ ነው፤ ቀጠሮ ይይዛል፣ ብር ይልካል። ይህን የሚሠራው "ቱል" በሚባሉ ሶፍትዌሮች ነው። በኅዳር 2017 (ኖቬምበር 2024) አንትሮፒክ ይፋ ባደረገው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል (ኤምሲፒ) እያንዳንዱ ቱል ስም፣ መግለጫ እና የሚሞሉ ቦታዎች ዝርዝር ይኖረዋል። ኤጀንቱ ከውስጥ ያለውን ኮድ አያይም። የሚያነበው መግለጫውን ብቻ ነው። እዛ ላይ ያልተጻፈውን ይገምታል፤ ግምቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የፈረንጅ ነው።

🔹 እኛ አገር መጻፍ ያለባቸው 5 ነገሮች

1️⃣ ሰዓት፦ "በ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ሙላ። ተጠቃሚው በአማርኛ 'ጠዋት 2 ሰዓት' ካለ 08:00 ነው። ጠዋት ወይም ማታ ካላለ ጠይቀው" ብላችሁ ጻፉ።

2️⃣ ቀን፦ ለጥምቀት ጎንደር ክፍል የሚፈልግ ሰው 11/05/2018 ብሎ ቢጽፍ ጥር 11 ማለቱ ነው። ኤጀንቱ ግን ሜይ 11 ወይም ኖቬምበር 5 ብሎ ሊያነበው ይችላል። ከጭንቅላቱ ያስላ ብላችሁም አትተዉት፦ ጥምቀት በ2016 ጃንዋሪ 20 ዋለ፣ በ2017 ደግሞ ጃንዋሪ 19። የትኛው ካላንደር እንደሆነ ጻፉ፣ ቅየራውን ለኮዱ ስጡት።

3️⃣ ብር፦ አንዳንድ የውጭ የክፍያ ቱሎች ገንዘብ የሚቀበሉት በሳንቲም ነው። እንዲህ ባለ ቱል 500 ብሎ የሞላ ኤጀንት የላከው 5 ብር ነው። "በብር ነው" ወይም "በሳንቲም ነው" የምትል አንዲት ቃል ትበቃለች።

4️⃣ ስልክ እና ስም፦ በ07 የሚጀምሩ የሳፋሪኮም ቁጥሮችም አሉ፤ "በ09 ይጀምራል" ብሎ የተጻፈ መግለጫ እነሱን ያስቀራል። 09፣ 07 እና +251 ሁሉም እንደሚሠሩ ጻፉ። "የቤተሰብ ስም" የሚል ቦታ ካለም የአባት ይሁን የአያት ግልጽ አድርጉ።

5️⃣ ኔትወርክ ሲቋረጥ፦ ይሄ ዋናው ነው ‼️ ብር እየላከ እያለ ኔትወርክ ቢጠፋ ኤጀንቱ ድጋሚ ሊሞክር ይችላል፣ ብሩም ሁለቴ ይሄዳል። "መልስ ካልመጣ ድጋሚ አትላክ፤ መጀመሪያ የክፍያውን ሁኔታ አረጋግጥ" ብላችሁ ጻፉ። ኮዱም አንድን ክፍያ ሁለቴ እንዳይቀበል አድርጉት።

🔹 ልዩነቱን እዩ

❌ "መኪና ይይዛል። ሰዓት እና ቦታ አስገባ።"

✅ "ከማክሰኝት ወደ ጎንደር መኪና ይይዛል። ዋጋውን ለማወቅ ብቻ ከሆነ ይህን አትጠቀም። ሰዓት፦ በ24 ሰዓት አቆጣጠር (ጠዋት 2 ሰዓት = 08:00)። ከመያዝህ በፊት ቀኑን፣ ሰዓቱን እና ዋጋውን ለተጠቃሚው አሳይተህ እሺታውን ተቀበል።"

🔹 እንዴት እንፈትሸው?

ሰው እንደሚያወራው አድርጋችሁ 10 ትእዛዝ በአማርኛ ስጡት፦ "ከነገ ወዲያ ማታ 1 ሰዓት"፣ "ለጥምቀት ዋዜማ"፣ "ግማሽ ሺህ ላክለት"። ኤጀንቱ የሞላውን አንድ በአንድ እዩ። የተሳሳተበት ቦታ ላይ መግለጫው አንድ ዓረፍተ ነገር ጎድሎታል ማለት ነው፤ ጨምሩና ድጋሚ ሞክሩት።

አፕ የማትሠሩም ብትሆኑ ኤጀንት ስታዝዙ "ጠዋት 2 ሰዓት በኢትዮጵያ" በሉት፣ ከዛ ምን ብሎ እንደሞላው መልሶ እንዲነግራችሁ ጠይቁት።

አፕ ለሚሠራ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት 🙏 እናንተስ በሰዓት ወይም በቀን ተሳስቶባችሁ ያውቃል? ኮመንት ላይ ጻፉልን 👇