ባንዳ፡- የገውዝ መገኛ ደሴቶችና የባለሸራ ጀልባዎች ጉዞ

በአገራችን ለመከለሻ ከሚደባለቁት ቅመሞች አንዱ የሆነው ገውዝ ዛሬ በየገበያው በቀላሉ ይገኛል፡፡ እስከ 18ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ ግን ወደ ዓለም ገበያ የሚቀርበው ገውዝ ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚመጣው በምሥራቃዊ ኢንዶኔዥያ ከሚገኙ ጥቂት ትንንሽ ደሴቶች ነበር፡፡ ደሴቶቹ ባንዳ ይባላሉ፡፡ ስሙ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ደስ ባይልም፣ ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ ከገባው ቃል ጋር ዝምድና የለውም፡፡

የባንዳ ደሴቶች ከአምቦን ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይገኛሉ፡፡ በቁጥር አሥር ያህል ሲሆኑ፣ በስተምሥራቃቸው ያለው ባሕር ከ7 ሺሕ ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፡፡ ወደዚያ ከሚያመሩት መንገደኞች መካከል በባለሸራ ጀልባ የሚጓዙት ይገኙበታል፡፡ በሰዓት አምስት የባሕር ማይል የምትጓዝ ጀልባ ከአምቦን ተነስታ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ያህል ይፈጅባታል፡፡

ነፋሱና ወደቡ

በባንዳ ባሕር የጉዞውን ጊዜ የሚወስነው ነፋስ ነው፡፡ ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ደግሞ ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል፡፡ በሁለቱ መካከል ባሉት ወራት ባሕሩ ጸጥ ስለሚል ባለሸራ ጀልባ በሞተር ለመጓዝ ትገደዳለች፡፡ ከአውስትራሊያ የሚነሱ ጀልበኞች አብዛኛውን ጊዜ በሐምሌና በነሐሴ የሚወጡትም የደቡብ ምሥራቁን ነፋስ ለመጠቀም ነው፡፡

ለቀራቢ ጀልባ በቅድሚያ የሚታየው ከባሕሩ ቀጥ ብሎ የወጣው ጉኑንግ አፒ የተሰኘው እሳተ ገሞራ ነው፡፡ የስሙ ትርጉም “የእሳት ተራራ” ሲሆን፣ ቁመቱ 650 ሜትር ገደማ ነው፡፡ ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው እ.ኤ.አ. በ1988 ነበር፡፡ ያኔ ወደ ባሕር በፈሰሰው ቅልጥ አለት ላይ ኮራል በአስገራሚ ፍጥነት መብቀሉ የባሕር ሳይንስ ተመራማሪዎችን ትኩረት ስቧል፡፡

ጉኑንግ አፒ፣ ኔይራና ባንዳ በሳር የተባሉት ሦስት ደሴቶች በጥንት ዘመን የፈነዳ እሳተ ገሞራ ጠርዝና እምብርት ናቸው፡፡ በመካከላቸው ያለው ውኃ ከማዕበል የተጠበቀ ወደብ ሆኗል፡፡ ይሁንና ባሕሩ እስከ ዳርቻው ድረስ ጥልቅ በመሆኑ መልሕቅ የሚጣልበት ቦታ ማግኘት ያስቸግራል፡፡ ስለዚህ ብዙ ጀልበኞች መልሕቁን ከፊት ጥለው፣ የጀልባዋን የኋላ ክፍል በገመድ ከዳርቻው ጋር ያስራሉ፡፡

የውጭ ጀልባ ግን በቀጥታ ወደ ባንዳ መሄድ አይችልም፡፡ ኢንዶኔዥያ አስቀድሞ ይጠየቅ የነበረውን የጀልባ ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ2015 ብታስቀርም፣ የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ሥርዓት የሚፈጸመው በተወሰኑ ወደቦች ነው፡፡ ለባንዳ የሚቀርቡት አምቦን እና በኬይ ደሴቶች የምትገኘው ቱዋል ናቸው፡፡

የ1621 ዕልቂት

ፖርቱጋላውያን ባንዳ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1512 ነበር፡፡ ከዚያ በፊት ገውዝ በእስያና በዓረብ ነጋዴዎች እጅ እየተቀባበለ፣ በቀይ ባሕርና በግብፅ በኩል አድርጎ ቬኒስ ይደርስ ነበር፡፡ ሆላንዳውያን እ.ኤ.አ. በ1599 መጥተው ገውዙን ለእነሱ ብቻ እንዲሸጥ የሚያስገድድ ውል አመጡ፡፡ የባንዳ ሰዎች ግን ሩዝና ጨርቅ ከሚያመጡላቸው ከጃቫና ከሌሎች ነጋዴዎች፣ እንዲሁም ከእንግሊዞች ጋር መገበያየታቸውን አላቆሙም፡፡

እ.ኤ.አ. በ1621 የሆላንድ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ገዥ የነበረው ያን ፒተርስዞን ኩን ጦር አስከትሎ ደሴቶቹን ያዘ፡፡ 44 የአገር ሽማግሌዎች ተሰብስበው በጃፓናውያን ቅጥረኞች ሰይፍ ተገደሉ፡፡ ከዘመቻው በፊት 15 ሺሕ ያህል ይገመት ከነበረው ሕዝብ በደሴቶቹ የቀረው አንድ ሺሕ ያህል ብቻ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ፡፡ የሚበዛው በጦርነት፣ በረሃብና በበሽታ አልቋል፤ ሌላው በባርነት ተወስዷል ወይም ሸሽቷል፡፡

መሬቱ በ68 እርሻዎች ተከፋፍሎ ለሆላንዳውያን ባለይዞታዎች ተሰጠ፡፡ ሥራውን የሚሠሩት ከሌሎች ደሴቶችና አገሮች በባርነት የመጡ ሰዎች ነበሩ፡፡ ባርነት በሆላንድ ምሥራቅ ሕንድ ቅኝ ግዛት በሕግ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1860 ነው፡፡

ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ሩን ደሴት ደግሞ የእንግሊዞች ይዞታ ነበረች፡፡ እ.ኤ.አ. በ1667 በተፈረመው የብሬዳ ስምምነት እንግሊዝ ለሩን ያላትን ጥያቄ ስትተው፣ በ1664 የያዘችውና ማንሃታንን የሚጨምረው ግዛት ጸናላት፡፡ የዛሬዋ ኒውዮርክ ማለት ነው፡፡

ችግኙ ሲወጣ

ሆላንዳውያን ገውዙ ሌላ ቦታ እንዳይበቅል ከመሸጡ በፊት በኖራ ይነክሩት ነበር፡፡ ይህ ጥንቃቄ ግን አላዛለቀም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1770 አካባቢ ፈረንሳውያን ችግኝ በድብቅ አውጥተው ወደ ሞሪሸስ ወሰዱ፡፡ በናፖሊዮን ጦርነቶች ዘመን ደሴቶቹን ይዘው የነበሩት እንግሊዞችም ችግኞችን ወደ ፔናንግና ሌሎች ቅኝ ግዛቶቻቸው አዛመቱ፡፡ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ገውዝ የገባባት ግሬናዳ ዛሬ ፍሬውን በሰንደቅ ዓላማዋ ላይ ይዛለች፡፡ ባንዳ ብቸኛ ምንጭነቷን ስታጣ የዓለም ነጋዴም ፊቱን አዞረ፡፡

ከዚያ ወዲህ ደሴቶቹ ከርቀታቸው የተነሳ የግዞት ቦታ ሆነው አገልግለዋል፡፡ በኋላ የኢንዶኔዥያ ምክትል ፕሬዚዳንት የሆኑት ሞሐመድ ሃታና የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሱታን ሻህሪር እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1942 በኔይራ በግዞት ቆይተዋል፡፡ ሃታ የኖሩበት ቤት ዛሬ ይጎበኛል፡፡

ገውዙም ዛሬ በባንዳ በትልልቅ የኬናሪ ዛፎች ጥላ ሥር ይለማል፡፡ የደረሰው ፍሬ ጫፉ ላይ ትንሽ ቅርጫት ባለው ረጅም ዘንግ ይለቀማል፡፡ ሲከፈት በቀይ መረብ መሰል ልባስ የተጠቀለለ ዘር ይገኝበታል፡፡ ልባሱም ተለይቶ ደርቆ ራሱን የቻለ ቅመም ሆኖ ይሸጣል፡፡

ወደ ኔይራ የሚደርስ እንግዳ እ.ኤ.አ. በ1611 የተሠራውን የቤልጂካ ምሽግና የሽማግሌዎቹን መታሰቢያ በእግሩ ተዘዋውሮ ማየት ይችላል፡፡ የጥንቱን የባንዳ ቋንቋ ግን እዚያ አይሰማም፡፡ በደሴቶቹ የሚኖረው ሕዝብ የሚናገረው የማላይ ቋንቋ ዘዬ ነው፡፡ የጥንቱ ቋንቋ ዛሬም የሚነገረው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቁት የኬይ ደሴቶች፣ ከዕልቂቱ የሸሹት ሰዎች በሰፈሩባቸው ባንዳ ኤሊና ባንዳ ኤላት በተባሉ መንደሮች ነው፡፡ ከቱዋል የሚነሳ ጀልበኛ እነዚያ ስደተኞች ባሕሩን ያቋረጡበትን አቅጣጫ በተቃራኒው ይጓዛል፡፡ ጊዜ ያለው መንገደኛ ወደ ባንዳ ከማቅናቱ በፊት መንደሮቹን ቢጎበኝ፣ በኔይራ የሚያየው መታሰቢያ ለማን እንደቆመ ይበልጥ ይገባዋል፡፡