ካምቦሎጆ፦ ከስታዲየሙ በፊት የነበረው ስም

ዕድሜያቸው የገፋ የእግር ኳስ ወዳጆች የአዲስ አበባ ስታዲየምን «ካምቦሎጆ» ይሉታል። ወጣቱ ይህን ስም እየረሳው ነው። የታክሲ ረዳቱ የሚጣራው «ስታዲየም» እያለ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡርም ፌርማታውን የሰየመው በዚሁ ስም ነው። እኔ ግን ካምቦሎጆ እንዲሁ ተረስቶ እንዲቀር አልፈልግም። ስታዲየሙ ሳይሠራ በፊት በቦታው ላይ ምን እንደነበረ የሚመሰክርልን ይህ አንድ ቃል ነው።

ቃሉ የመጣው ከጣሊያንኛ ነው። «ካምፖ» እና «አሎጆ» የሚባሉ ሁለት ቃላት ተጋጥመው ወለዱት፤ ፍቺውም የማደሪያ ካምፕ፣ የመኖሪያ ሰፈር እንደ ማለት ነው። አማርኛ ሁለት አናባቢ ጎን ለጎን ሲቆም ስለማይመቸው የመካከሉን «አ» ዋጠው፤ «ፖ»ንም ወደ «ቦ» አላላው። ስሙ የተተከለው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ሲሆን ወንድሞቹ ዛሬም ከተማው ውስጥ አሉ። ካዛንቺስ «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው የወጣ ነው፤ «ካዜ» ቤቶች ማለት ሲሆን «ኢንቺስ» ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የጣሊያን ተቋም ስም ምሕጻር ነው። ፖፖላሬም ለተራው ጣሊያናዊ ከተሠሩት የሕዝብ ቤቶች የቀረ ስም ነው። ሦስቱን አንድ ላይ ያነበበ ሰው የቅኝ ገዥውን የቤት አደላደል ያይበታል፦ ለጸሐፊው ካዛንቺስ፣ ለተራው ፖፖላሬ፣ ገና ቤት ላልደረሰው ካምፖ አሎጆ። ሕንጻ ይፈርሳል። ካዛንቺስ ራሱ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ አብዛኛው ቤቱ ተነሥቶ መልኩ ተለውጧል። ስሙ ግን በነዋሪውና በመንገደኛው አፍ እስካለ ድረስ እነዚያ ቤቶች ለማን እንደተሠሩ መናገሩን አይተውም።

«አሎጆ» ሥሩ ሩቅ ነው። ጣሊያንኛው ከፈረንሳይኛው «ሎዥ» ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ሁለቱም የተወለዱት በጥንታዊ ጀርመንኛ የቅጠል ጥላ፣ የቅጠል ዳስ ማለት ከነበረ ቃል ነው። መንገደኛ ወይም ወታደር ለአንድ ሌሊት ቅርንጫፍ ቆርጦ የሚሠራት ዳስ ነበረች። የዛሬው «ሎጅ» የዚያው ዘር ነው፤ መንዝ ውስጥ በጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ማኅበረሰቡ ለጎብኝዎች የከፈተው ማረፊያም በዚሁ ስም ሎጅ ይባላል። አንዱ ሥር ካምቦሎጆን ከአዲስ አበባ መሃል፣ ሎጅን ከጓሳ ሜዳ አብቅሏል።

ሁለቱ ቦታዎች ግን በወረራው ዘመን እኩል አልነበሩም። ለወራሪው ሰው በፍል ውሃ ግርጌ ማደሪያ ሲደለደል፣ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ሰው ማደሪያው ገደልና ዋሻ ነበር። ሰሜን ሸዋ የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ምድር ነው። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በዚሁ ደጋ፣ ዘረት በተባለው ቦታ፣ ከአርበኞቹ ጋር ሴቶችና ሕፃናት ጭምር የተሸሸጉበትን ዋሻ የጣሊያን ጦር ከቦ የመርዝ ጋዝ ለቀቀበት፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም አለቁ። ካምቦሎጆ የሚለውን ስም ስንጠራ «አሎጆ» ለማን ማደሪያ እንደነበረ፣ ለማን እንዳልነበረ አብረን ብናስብ መልካም ነው። ስሙን ከነቁስሉ መያዝ እንጂ ቁስሉን ፈርቶ ስሙን መጣል አይበጅም እላለሁ።

አሁን ወደ «ካምፖ» ልመለስ፤ የቃሉ ምሥጢር ያለው እዚያ ነውና። በላቲን «ካምፑስ» ሜዳ፣ ለጥ ያለ መሬት ማለት ነው። የሮም ጦር የሚሰለፈውና ድንኳን የሚተክለው በሜዳ ላይ ስለነበር፣ ሜዳ ማለት የነበረው ቃል ሰፈር ማለትም ሆነ። እኛ ዛሬ «ካምፕ» የምንለው፣ ዩኒቨርሲቲው «ካምፓስ» የሚለው ሁሉ ከዚህ ነው የመጣው። እንግዲህ ካምቦሎጆን በአማርኛ ሥሩ ብንጽፈው «የሰፈር ሜዳ» ሊሆን ነው። ሁለቱም ቃላት፣ ሰፈርም ሜዳም፣ በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ የራሳቸው ረጅም ታሪክ አላቸው።

«ሰፈረ»ን እንይ። በመንዝ አውድማ ላይ ገብስ ሲሰፈር የሚነሣው ቃል ይህ ነው፤ ቁናው መስፈሪያ፣ እህሉ ስፍር ነው። የማይቆጠረውን «ስፍር ቁጥር የለውም» እንላለን፤ ሥራ ፈላጊው የሚለካበትም «መስፈርት» ይባላል። በግእዝም ሰፈረ ማለት ለካ ነው። አማርኛ ግን በዚያው ቃል ላይ ሌላ ፍቺ ጨመረበት። ንብ ሰፈረ፣ ጦር ሰፈረ፣ ስሙ በመዝገብ ሰፈረ እንላለን። መለካትና መስፈር እንዴት አንድ ቃል ተካፈሉ ለሚለው እኔ የማምነው መልስ ከንጉሥ ካምፕ የሚገኝ ነው። ነገሥታቱ ከቦታ ቦታ ሲዞሩ ድንኳን የሚተከለው በዘፈቀደ አልነበረም። ፊት ለፊት የሚሰፍረው ፊታውራሪ፣ በቀኝ የሚሰፍረው ቀኛዝማች፣ በግራ የሚሰፍረው ግራዝማች፣ በደጅ የሚቆመው ደጃዝማች ነው። ማዕረጎቹ ራሳቸው የሰልፍና የቦታ ስሞች ናቸው። ለእያንዳንዱ መኮንን ድርሻው እንደ እህል ተለክቶ ይሰጠው ነበርና ተለክቶ የተሰጠው ቦታ «ሰፈር» ሆነ። «ስፍራ» የሚለውም ከዚሁ ነው፤ ሥሩን ተከትለን ብናነበው «የተለካ ቦታ» ይሆናል።

አዲስ አበባ የዚያ ካምፕ ልጅ ናት። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃ ሲወርዱ መኳንንቱ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ እየተደለደሉ ሰፈሩ፤ የደጃች ውቤ ሰፈር፣ የራስ ብሩ ሰፈር የሚሉት ስሞች የቀሩት ከዚያ ዓይነት ድልድል ነው። በመርሐቤቴ ደግሞ ዋናዋ ከተማ ዓለም ከተማ ትባላለች። ከተማ የሚለው ቃልም በጥንቱ አነጋገር የሰፈር ዘመድ ነው፤ «ንጉሡ እገሌ ቦታ ከተመ» ሲባል በከፍታ ላይ ሰፈረ፣ ተቀመጠ ማለት ነበር። ሕዝብና ገበያ የሞላበት ትልቅ ቦታ ከተማ የተባለው ኋላ ነው።

የግሪኩን «ስታዲዮን» ከዚህ አጠገብ ስናስቀምጠው ነገሩ ይበልጥ ደስ ይላል። ስታዲዮን መጀመሪያ ሕንጻም ሜዳም አልነበረም፤ 600 የግሪክ እግር የሚሆን የርቀት መለኪያ ነበር። በኦሎምፒያ ሯጮች የሚሮጡት አንድ ስታዲዮን፣ ወደ 192 ሜትር የሚጠጋ ርቀት ነበረ። ከዚያ መለኪያው ሩጫውን ሰየመ፤ ሩጫው የሚሮጥበትን ቦታ ሰየመ፤ ቦታው በዙሪያው የተገነባውን መቀመጫ ሰየመ። በመጨረሻም እኛ ዘንድ ሲደርስ ለገሀርና መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለ አንድ አካባቢ ሙሉ ስታዲየም ተባለ። «ሰፈር» ከቁና ተነሥቶ የአንድ አካባቢ ስም እስከ መሆን የሄደበትን መንገድ ስታዲየምም ከሩጫ ልክ ተነሥቶ ሄደበት። ሁለት ዝምድና የሌላቸው ቋንቋዎች፣ ሁለቱም ከመለካት ተነሥተው አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ።

የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች ይህን ቃል ሲያገኙ ምን እንዳደረጉ ማየት ተገቢ ነው። ከኢየሩሳሌም እስከ ኤማሁስ ያለው 60 ስታዲዮን በአማርኛው 60 ምዕራፍ ሆኖ ተጻፈ፤ የቢታንያውም 15 ምዕራፍ ተባለ። ምዕራፍ «ዐረፈ» ከሚለው የወጣ ነው፤ መንገደኛ የሚያርፍበት ማለት ነው። አንባቢ የሚያርፍበት የመጽሐፍ ክፍልም ምዕራፍ ተባለ። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ሯጮች ሲጽፍ የተጠቀመበት ያው ስታዲዮን ግን «የእሽቅድምድም ስፍራ» ተብሎ ተተረጎመ። ልብ ይሏል፣ ተርጓሚው «ስፍራ»ን መረጠ፤ መለካትን ከያዘው የግሪክ ቃል ጋር መለካትን የያዘ የአማርኛ ቃል ገጠመለት።

ሜዳ ደግሞ ለመንዝ ሰው ተራ ነገር አይደለም። አገሩ ከ3000 ሜትር በላይ ይነሣል፤ ጀማ፣ ወንጭትና ገባሮቻቸው ቆራርጠውታል። ጣርማ በር ላይ ታጥፎ ወደ መንዝ የሚገባ ሰው ለጥ ያለውን ምድር ሲያይ በድንገት የሚቋረጥበትን ገደልም አብሮ ያያል። በእንዲህ ያለ አገር ለጥ ያለ መሬት ሀብት ነው። ገበያውም፣ ጉግሡም፣ የገና ጨዋታውም የሚሆነው እዚያ ነው፤ ጌታና ሎሌ እኩል ሆነው እሩሩን፣ የገናውን ኳስ፣ ሲያሳድዱ ጌታው የማይቆጣበት ቀንም በሜዳ ላይ የሚውል ነው። የመንዝ ጌራ ምድር ዋና ከተማ ስሟ መሃል ሜዳ ነው። ስሟ ከተማዋ ሳትቆረቆር በፊት ቦታው ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ ይናገራል፤ ጠያቂም አስታዋሽም አያሻውም። የእግር ኳስ ዘጋቢዎች ኳሷ «መሃል ሜዳ ላይ ናት» ሲሉ ሳያውቁት የመንዝን ከተማ ስም ይጠራሉ።

ከስታዲየሙ በፊት አዲስ አበባም የታወቀ ሜዳ ነበራት፤ ጃን ሜዳ። «ጃን» በጥንቱ የቤተ መንግሥት አማርኛ የንጉሥ የሆነ፣ ንጉሣዊ ማለት ነው፤ ጃንሆይ፣ ጃንጥላ፣ የጎንደሩ ጃን ተከል፣ የሰሜኑ ጃን አሞራ ሁሉ የተሸከሙት ይህን ነው። ጃንጥላ ለንጉሥ የሚዘረጋ ጥላ እንደሆነ ሁሉ ጃን ሜዳም የንጉሥ ሜዳ ነው፤ የጦር ሰልፍ፣ የፈረስ ሽቅድድምና የጥምቀት ታቦት የሚያርፍበት። «ሜዳውም ይኸው፣ ፈረሱም ይኸው» የሚለው ተረት የተወለደበት ዓለም ይህ ነው። ሰው ችሎታውን የሚያሳየው በሜዳ እንጂ በወንበር ረድፍ መካከል አልነበረም።

ለስታዲየም ከራሳችን ቃል ቢፈለግለት ኖሮ እኔ «ዐውድ»ን እመርጥ ነበር። ዐውድ በግእዝ ዙሪያ፣ ክብ ማለት ነው። በሬዎች እየዞሩ እህል የሚያበራዩበት አውድማ ከዚህ ነው፤ ዐውደ ምሕረት፣ ዐውደ ዓመት፣ ዐውደ ርእይ ሁሉ የዚሁ ልጆች ናቸው። ክብ ሆኖ ሕዝብ የከበበውን ቦታ ከዚህ ይበልጥ የሚገልጽ ቃል የለንም። ከታላላቅ ሕንጻዎች በፊት አውድማ መኖሩም አዲስ ነገር አይደለም። በመጽሐፈ ዜና መዋዕል እንደተጻፈው የሰሎሞን ቤተ መቅደስ የተሠራው ዳዊት ከኢያቡሳዊው ከኦርና በገዛው አውድማ ላይ ነው፤ ጸሐፊውም ቤተ መቅደሱን ሲተርክ የቀድሞውን የአውድማውን ባለቤት ስም ሳይጠቅስ አላለፈም።

ከካምፖ አሎጆውስ በፊት? ከዚያ በፊት የነበረውን የሚነግረን ሌላ ስም ነው። ፍል ውሃ በአማርኛ፣ ሆራ ፊንፊኔ በኦሮምኛ። የቱለማ ኦሮሞ ከብቱን የሚያሰማራበትና ማዕድን ያለውን ውሃ የሚያጠጣበት መስክ ነበር። በ1909 ዓ.ም. ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ ከዚያው አጠገብ ለገሀር ተተከለ፤ የፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ነው፤ «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ስለሆነና ከተማው ዙሪያም ለገ ጣፎ፣ ለገ ዳዲ ስላሉ፣ ለጆሮ ከአገሬው ስሞች ጋር ተመሳስሎ የተቀመጠ ይመስላል። በላዩ ካምቦሎጆ መጣ። ከነጻነት በኋላ ስታዲየሙ ሲሠራ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም» ተባለ።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በዚያ ሜዳ ላይ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ወሰደች። ዋንጫውን የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፤ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። ወራሪው ለራሱ ሰው ማደሪያ ብሎ በሰየመው ቦታ የአንድ ጣሊያናዊ ልጅ የኢትዮጵያን ማሊያ ለብሶ አገሪቱን ለድል አበቃ። ካምቦሎጆ የሚለው ስም ከዚያ ቀን በኋላ ለሚያውቁት ሰዎች የጣሊያን ካምፕ መሆኑ ቀርቶ የድል ሜዳ ሆነ፤ ሽማግሌዎቹ ዛሬም በፍቅር የሚጠሩት ለዚህ ነው።

ሌላ ስታዲየም ደግሞ አሁን በአዲስ አበባ እየተገነባ ነው፤ 62,000 ሰው ይይዛል የተባለለት ይህ ስታዲየም አደይ አበባ የሚል ስም ተሰጥቶታል። አደይ አበባ በመስከረም በሜዳና በመስክ ዳር የምትፈነዳ አበባ ናትና ስያሜው ያስደስተኛል። ቢሆንም ሥራው የሚካሄድበት መሬት ከዚያ በፊት በነዋሪው አፍ ምን ይባል እንደነበር አሁኑኑ፣ የሚያስታውሱት ሰዎች ሳሉ፣ ጠይቆ በመዝገብ ማስፈር ያስፈልጋል። የመዝገበ ቃላት አዘጋጆችም በ«ካ» ፊደል ሥር ካምቦሎጆን ከነጣሊያንኛ ሥሩ፣ ከነማደሪያ ትርጉሙና ከ1954ቱ ድል ጋር ያስገቡት።